ቅዳሜ ጠዋት፣ ከልጅ ልጄ ጋር ሐይቁ ዳር

ሐዋሳ ከመጣሁ አርባ ዓመት አልፎኛል። በዚህ ሁሉ ዘመን ሐይቁን በደንብ አይቼው አላውቅም ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ዳሩ ላይ ሻይ ጠጥቻለሁ። እንግዳ ሲመጣ አሞራ ገደል ወስጄ ዓሣ ጋብዣለሁ። ከሙሽሮች ጋር ውኃውን ከኋላ አድርጌ ፎቶግራፍ ተነስቻለሁ። ቁጭ ብዬ ውኃው ውስጥ ምን እንዳለ ማየት የጀመርኩት ግን ከመምህርነት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ያውም የዘጠኝ ዓመት ልጅ እጄን ይዛ ስታስቆመኝ ነው።

የልጅ ልጄ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመረች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው። እናቷ፣ የመጨረሻዋ ልጃችን፣ ለሥራ ዓረብ አገር ናት። ይህን የማነሳው አንባቢን ለማሳዘን አይደለም። እንደ እኛ ያለ ቤት በየሰፈሩ ሞልቷል፤ ይህን ገጽ ከሚያነቡ አያቶችም በእርጅና የልጅ ደብተር መፈተሽ የጀመሩ ጥቂት አይመስሉኝም። የማነሳው ሐይቁ ዳር ካየነው ነገር ጋር ስለሚገናኝ ነው።

እናቷ የምትደውለው ዓርብ ማታ ነው። መጀመሪያ አካባቢ ወሬያቸው አያልቅም ነበር። እየቆየ ግን ጥሪው አጠረ። «በላሽ?» «አዎ።» «ትምህርት እንዴት ነው?» «ጥሩ ነው።» ከዚያ ዝምታ። እናት በዚያ ጫፍ፣ ልጅ በዚህ ጫፍ ስልኩን ይዘው ቃል ይጠፋቸዋል። ባለቤቴ ስልኩን ትቀበልና ስለ ጤናና ስለ ቤት ኪራይ ተነጋግረው ይዘጋል። በማግስቱ ቅዳሜ ልጅቷ አታለቅስም። ዝም ትላለች እንጂ። ቁርሷን ትነካካና ትተወዋለች። ታዲያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ «እስቲ ይዘሃት ውጣ፤ ቤት ውስጥ ተፋጥጣችሁ አትዋሉ» አለችኝ። ወዴት እንደምንሄድ ሳላስብ ተነሳሁ። ሐዋሳ ውስጥ ሳያስቡ የተነሳ ሰው መጨረሻው ሐይቁ ነው።

ከተማችንን ለማያውቋት ጥቂት ልበል። ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ሐይቁ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ሲኖረው፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታ ከ20 ሜትር ትንሽ ያልፋል። ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ትንንሾቹ መካከል ነው። ጥቁር ውኃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፤ በዓይን የሚታይ ወንዝ ግን አይወጣበትም። መውጫ የሌለው ሐይቅ ብዙ ጊዜ ጨዋማ ይሆናል፤ የእኛው ግን ጨው ያልበዛበት፣ ዓሣ የሚኖርበት ውኃ ነው። ባለሙያዎች እንደሚያስረዱት ከመሬት በታች እየሰረገ የሚሄድ ውኃ ስላለ ነው። ዳር ዳሩን የተሠራው ግድብ ደግሞ ውኃው እየሞላ ከተማዋን ባሰጋበት ጊዜ የመጣ ነው። ዛሬ ሰው የሚንሸራሸርበት፣ ጥንዶች የሚቀመጡበት፣ ልጆች ብስክሌት የሚነዱበት እሱው ግድብ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ከንቱ ሆነ። ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው ቦታ የደረስነው ወደ አራት ሰዓት ላይ ነበር። ሙዚቃው፣ ሰዉ፣ የጀልባው ጥሪ ሌላ ነው። ልጅቷ ውኃው ላይ አጎንብሳ አየችና «አባባ፣ ምንም የለም» አለችኝ። እኔም አጎንብሼ አየሁ። ያየሁት የራሴን ፊትና አንድ የላስቲክ ጠርሙስ ነው።

በሳምንቱ በማለዳ ሄድን፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ። ሌላ ሐይቅ የደረስን መሰለኝ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳ ውኃው ይሸበሸባል፤ ማለዳ ግን እንደ መስታወት ነው። ጥቂት ራመድ ብለን ከሰው ራቅ ያለ፣ ፊላ የበቀለበት ጥግ አገኘን። አንድ ነገር ግን አስቸገረን። ፀሐይ የምትወጣው ከከተማው በኩል፣ ከጀርባችን ነው። ስንቆም ጥላችን ረዝሞ ውኃው ላይ ይወድቃል፤ ጥላው ሲወድቅ ዓሦቹ ብትን ይላሉ። ይህን ያወቀችው እሷ ናት። «አባባ፣ ቁጭ ይበሉ፣ ጥላዎ እያስፈራቸው ነው» አለችኝ። ከጉልበቴ ጋር እየታገልኩ ከፊላው ኋላ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ዝም አልን። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ባዶ የመሰለን ውኃ መንቀሳቀስ ጀመረ።

መጀመሪያ የመጡት ጣት የማያህሉ ዓሦች ናቸው። መንጋ ሆነው ይመጣሉ፣ ባንድነት ይታጠፋሉ። ከእነሱ ኋላ መዳፍ የሚያህሉ ቆሮሶዎች መጡ። አንዴ ደግሞ ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ ጥቁር ጭንቅላት ከውኃው ወጣ፣ አየር ጎረሰና ተመልሶ ሰጠመ። ልጅቷ ክንዴን ያዘችኝ። አምባዛ ነበር። አምባዛ እንደ ሌሎቹ ዓሦች በስንጥቡ ብቻ አይተነፍስም። ከላይም አየር የሚወስድበት ተጨማሪ አካል ስላለው ኦክስጅን ባነሰው ጭቃማ ውኃ ውስጥም ይኖራል። ይህን ስነግራት «ታዲያ ዓሣ ሆኖ አየር ካማረው ለምን አይወጣም?» አለችኝ። ለሠላሳ ዓመት ያስተማርኩ ሰው መልስ አጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜን አላስተጓጎልንም። አንድ አሮጌ ደብተር ይዘን እንሄዳለን። እሷ ያየችውን ትስላለች፣ እኔ ስሙን እጽፍላታለሁ። ስሙን የማላውቀውን ቤት ተመልሰን መጽሐፍ እናያለን፤ ዓሣ አስጋሪዎቹንም እንጠይቃለን።

መጀመሪያ የወደደችው አባ ኮዳን ነው። ሐዋሳ የመጣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ራሰ በራ፣ አንገቱ ላይ ከረጢት ያንጠለጠለ፣ እንደ ሽማግሌ እጁን ወደ ኋላ አጣጥፎ የሚቆም የሚመስል ትልቅ ወፍ። እግሩ ለምን ነጭ እንደሆነ ጠየቀችኝ። የራሱ ኩስ መሆኑን፣ ሙቀት ሲበዛበት እግሩ ላይ እየለቀቀ እንደሚቀዘቅዝ ስነግራት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ልጅቷ እንዲህ ስትስቅ ከሰማሁ ቆይቼ ነበር። ራሱ መመለጡም በምክንያት ነው። የሞተና የተጣለ ስለሚበላ ላባ ቢኖረው ይቆሽሽበት ነበር።

ሁለተኛው ጃካና ነው። አካሉ ቀላ ያለ ቡናማ፣ ግንባሩ ሰማያዊ፣ የእግሩ ጣቶች ከልክ በላይ የረዘሙ ወፍ ነው። ጣቶቹ ክብደቱን ስለሚያካፍሉለት ውኃ ላይ በተንሳፈፈ ቅጠል ይራመዳል፤ አይሰጥምም። ስለዚህ ወፍ የሚገርመው ግን ሌላ ነው። እንቁላሉን የሚታቀፈው ወንዱ ነው። ጫጩቶቹን የሚያሳድገውም እሱ ነው። አደጋ ሲያይ ጫጩቶቹን ክንፉ ሥር አቅፎ ተሸክሟቸው ይሄዳል፤ ያኔ ከታች ረጃጅም የጫጩት እግሮች ተንጠልጥለው ይታያሉ ይባላል። እኛ ይህን ለማየት አልታደልንም፤ ስድስት ቅዳሜ ጠብቀናል፤ ገናም እንጠብቃለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

አንድ ጠዋት ውኃው በጣም ጠርቶ ነበር። ጉልበት በማይደርስ ጥልቀት ላይ፣ አሸዋው መካከል፣ እንደ ሳህን ክብ የሆኑ ጉድጓዶች አየን። በአንዱ ጉድጓድ ላይ አንድ ቆሮሶ ቆሞ የቀረበውን ሁሉ ያባርራል። ምን እንደሆነ ስለማውቅ ደስ አለኝ፤ መምህርነቴ ተነሳብኝ። ወንዱ ቆሮሶ አሸዋውን ጠርጎ ጎጆ እንደሚያዘጋጅ ነገርኳት። ሴቷ መጥታ እንቁላሏን ትጥላለች፣ ከዚያም መልሳ በአፏ ትለቅማቸዋለች። እንቁላሎቹ አፏ ውስጥ ይፈለፈላሉ። ትንንሾቹ ራሳቸውን ችለው መዋኘት እስኪጀምሩ አሥር ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዛቸው ትቆያለች። ከዚያ በኋላም ለጥቂት ቀናት አትርቃቸውም። ጠላት ሲመጣ አፏን ትከፍታለች፣ ሮጠው ይገባሉ። «አየሽ እናት ማለት» አልኩ በኩራት፣ «ልጆቿን ለአንድ ደቂቃ እንኳ ከአፏ አታወጣም።»

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። ልጅቷ ዝም ብላ ውኃውን ታያለች። እኔ ደግሞ የተናገርኩትን መልሼ መዋጥ ብችል በወደድኩ። እናቷ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቃ የሰው ልጅ የምታሳድግ ልጅ ፊት ነው እንዲህ ያልኩት። ወሬ ለመቀየር ወደ ጉሬዛዎቹ ላሳያት አሰብኩ። ከላያችን ዛፍ ላይ ጥቁርና ነጭ ካባቸውን ደርበው ተቀምጠው ነበርና።

«አባባ» አለችኝ። «አፏ ልጅ ከሞላ ምን ትበላለች?»

«እምብዛም አትበላም» አልኳት። «ልጆቿ እስኪያድጉ ትርባለች። ስለዚህ ትከሳለች።»

ትንሽ አሰበችና «እማዬም ስልክ ላይ ከስታለች» አለች። «ለምን እንደማትበላ አሁን ገባኝ።»

ከዚህ በላይ አልተናገረችም፤ ደብተሯን አንስታ መሳል ቀጠለች። እኔ ከዓሣዋ ያየሁት ከልጆቿ አለመራቋን ነበር። ልጅቷ ያየችው ስለ ልጆቿ መራቧን ነው። ይህን ለማንም አላስተማርኳትም። እውነቱን ለመናገር እኔም ልጄን በዚያ ዓይን አይቻት አላውቅም ነበር። «ሄደች» እንጂ «ተራበችልን» ብዬ አላውቅም።

ቆሮሶን ብዙዎቻችን የምናውቃት በጥብስና በለብለብ ነው። በሐይቃችን ከሚገኙት ዓሦች በብዛት ለገበያ የሚቀርበው እሱ ነው። አምባዛና ቢልጫ ይከተላሉ። ዋና ምግቡ ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርጉት ደቃቃ እፅዋት ናቸው። ዓሣችን ከእነዚያ ውጭ ብዙ አይፈልግም፤ ውኃው ካልተበላሸበት፣ መራቢያ ዳሩ ካልተረገጠበት፣ ከማደጉ በፊት ካልተያዘ ራሱን ይተካል። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። ዳር ላይ የሚቆረጠው ፊላና ደንገል ለትንንሾቹ መሸሸጊያቸው ነው። መውጫ ወንዝ የሌለው ሐይቅ ውስጥ የተጣለ ነገር ደግሞ እዚያው ይቀራል። ያ የመጀመሪያ ቀን ያየሁት የላስቲክ ጠርሙስ የትም አይሄድም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ግድቡን ተከትለን እስከ አሞራ ገደል ዘለቅን። አሞራ ገደል ጠዋት ጠዋት ገበያ ነው። ማታ የተጣሉት መረቦች ሲነጋ ይሰበሰባሉ፣ የእንጨት ጀልባዎቹ እየቀዘፉ ይመጣሉ። ወጣቶች ዓሣውን በደቂቃ ውስጥ ገፈው አጥንቱን ይለያሉ። አባ ኮዳዎቹ በሰው መካከል እንደ ባለቤት ይንጎራደዳሉ። ፔሊካኖቹ ውኃው ላይ ተራቸውን ይጠብቃሉ። በዳጣ ጥሬውን የሚበላ አለ፣ ሾርባ የሚጠጣ አለ። ጦጣዎቹ ደግሞ ዳቦ የያዘ ልጅ ይፈልጋሉ።

አንዲት ጀልባ ገና መረቧን ሳትፈታ ደረሰች። ሠላሳዎቹን የተሻገረ ዓሣ አስጋሪ ዓሦቹን አንድ በአንድ ከመረቡ እያላቀቀ ነበር። አብዛኞቹ ገና ይንፈራገጣሉ። አንዷን ሲያላቅቅ አፏ ተከፈተና ከሩዝ ፍሬ የማይበልጡ፣ ዓይናቸው ብቻ የሚታይ ትንንሽ ነገሮች ጀልባው ወለል ላይ ፈሰሱ።

ልጅቷ አየቻቸው። እኔም አየኋቸው። በዚያች ቅጽበት እጇን ይዤ ዞር ማለት እችል ነበር። «ሌላ ነገር ነው» ማለትም እችል ነበር። እሷ ግን ከእኔ ቀድማ «ልጆቿ ናቸው» አለች።

ዓሣ አስጋሪው ቀና ብሎ አያት። ምንም ሳይል ከጀልባው ውኃ የሚቀዳበትን ቆርቆሮ አነሳ፣ ውኃ ሞላበት፣ ትንንሾቹን በመዳፉ እያፈሰ ከተተና ለልጅቷ ሰጣት። «እዚያ ፊላው ሥር ቀስ ብለሽ አፍስሻቸው» አላት። እናትየዋን ግን ከሌሎቹ ጋር ቅርጫት ውስጥ አስቀመጣት።

እሷ ወደ ፊላው ስትሄድ እኔ ቀረሁ። «እንዲህ ያለ ይገጥማችኋል?» አልኩት። «ይገጥማል ጋሼ» አለኝ። «ብዙዎቹ መረቡ እንደያዛቸው እዚያው ውኃ ውስጥ ይለቋቸዋል፤ አንዳንዷ ግን እንደያዘች ትወጣለች። ምን ላድርግ? እኔም የማሳድጋቸው አሉ።» መረቡን አንስቶ ዓይኑን አሳየኝ፤ ሰፋ ያለ ነው። አንዳንዶች ጠባብ ዓይን ያለው መረብ እየጣሉ ገና አንዴም ያልወለደውን እንደሚያወጡ፣ ያ ደግሞ ለነገ እንደማያስቀርለት ነገረኝ። ይህን የሚከለክል ሕግ አገራችን አላት። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣው ዓሣ ከልክ በላይ እንዳይመረት ለመቆጣጠር ጭምር ነው። ነገር ግን ሌሊት ውኃ ላይ አዋጅ የለም፤ ያለው የሰው ኅሊና ነው። እኛ ገዢዎችም ብንሆን መዳፍ የማትሞላ ዓሣ በርካሽ ስናገኝ ደስ ብሎን ነው የምንገዛው።

ልጅቷ ባዶ ቆርቆሮዋን ይዛ ተመለሰች። «አባባ፣ ያድጋሉ?»

እዚህ ላይ ነው የከበደኝ። «አዎ» ብላት ቀኑ በሰላም ያልፋል። እናት ከሌላቸው አብዛኞቹን ሌላ ዓሣ ወይም ወፍ እንደሚበላቸው ግን አውቃለሁ። ከዚህ ቀደም «እማዬ መቼ ትመጣለች?» ስትለኝ «በቅርብ» እያልኩ ስንት ጊዜ እንዳታለልኳት ትዝ አለኝ። «በቅርብ» ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ልጅ እንዲህ ያለውን ቃል ይቆጥራል፤ እኛ ነን የምንረሳው።

«ሁሉም አያድጉም ሚጣዬ» አልኳት። «ብዙዎቹ ይበላሉ። መዋኘት ጀምረዋልና ጥቂቶቹ ፊላው ውስጥ ከተደበቁ ሊያድጉ ይችላሉ።»

አላለቀሰችም። «ስንት አፈሰስኩ?» አለች ለራሷ። «ብዙ ናቸው። ከብዙ ጥቂት ከተረፈ ጥሩ ነው።» ቆርቆሮውን ለባለቤቱ መለሰችና «አመሰግናለሁ» አለችው። ሰውየውም እንደ ትልቅ ሰው ጎንበስ ብሎ መለሰላት። ያን ዕለት ዓሣ አልበላንም። ከዚያ በኋላ በነበረው ሳምንት ግን በላን፤ ዓሣ ወላድ መሆኗን አውቆ መብላትና ሳያውቁ መብላት አንድ አይደለም፤ ቢያንስ ትንንሾቹን አንገዛም።

ስንመለስ ከአንድ ዘንቢላ ቅርንጫፍ ላይ ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ ዓሣ አጥማጅ ወፍ ተነሳ። ውኃው በላይ አየር ላይ ቆሞ ክንፉን እያርገበገበ ይቆያል፤ ከዚያ እንደ ድንጋይ ይወረወርና ዓሣ ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ወፍ ያነበብኩትን ነገርኳት። ተመራማሪዎች እንዳስተዋሉት ጫጩቶቹን የሚመግቡት እናትና አባት ብቻ አይደሉም። ያን ዓመት የራሳቸው ጎጆ የሌላቸው ሌሎች ወንዶችም ዓሣ እያመጡ ያግዛሉ። አንዳንዶቹ ቀደም ሲል የተፈለፈሉ የዚያው ቤት ልጆች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ዘመድም አይደሉም። ይህን ስነግራት ምንም አስተያየት አልሰጠችም። እኔ ግን ስለ ባለቤቴ አሰብኩ፤ በስልሳ አምስት ዓመቷ ጠዋት ጠዋት ጸጉር የምትሠራና ምሳ ዕቃ የምትቋጥር።

ልጆች ይዘው መሄድ ለሚፈልጉ ከእኛ ስህተት የተማርነውን ላካፍል። በማለዳ ሂዱ። ከሰው ራቅ በሉ፣ ቁጭ በሉ፣ ጥላችሁ ውኃ ላይ እንዳይወድቅ ተጠንቀቁ። ቢያንስ ሩብ ሰዓት ዝም በሉ፤ ከልጆቹ ይልቅ ዝም ማለት የሚያቅተን እኛ ነን። ዳቦ አትጣሉ፤ ጦጣዎቹን ያደፋፍራል፣ ውኃውንም ያበላሻል። ልጆች ጫማ አውልቀው ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ እንዳይገቡ ከልክሉ፤ ቢልሃርዚያ የሚተላለፈው እንዲህ ካለው ቀንድ አውጣ ካለበት ውኃ ነው። ጉማሬ በሚወጣበት አካባቢ፣ በተለይ ሲመሽና ገና ሳይነጋ፣ ከሰፈሩ ሰው ሳትጠይቁ አትቅረቡ። ሐዋሳ መምጣትም ግዴታ አይደለም። የቢሾፍቱ ሐይቆች አሉ፣ የባቱው ዝዋይ አለ፣ የጣና ዳርቻ አለ፤ ሰፈር ውስጥ ያለች ኩሬም ትበቃለች። እንቁራሪት የሌለባት ኩሬ የለችም፤ ያለ እንቁራሪትም ከሆነች ለምን እንደሌለባት መጠየቅ ይቻላል።

ያን ዓርብ ማታ ስልኩ ጮኸ። ባለቤቴ አነሳችና ለልጅቷ ሰጠቻት። እንደ ወትሮው «በላሽ?» የሚለውን ሰማሁ። «አዎ» አለች ልጅቷ። ከዚያ ግን ዝም አላለችም። «እማዬ፣ አንቺስ በላሽ?» አለች።

በዚያ ጫፍ ምን እንደተባለ አልሰማሁም። ረጅም ጊዜ ወሰደ። ቀጥሎ ልጅቷ ስለ አባ ኮዳ እግር መናገር ጀመረች፤ በስልኩ ውስጥ የልጄ ሳቅ ተሰማኝ። ስለ ጉድጓዶቹ ነገረቻት፣ ስለ ቆርቆሮው ነገረቻት፣ ደብተሯን ከፍታ እያንዳንዱን ሥዕል በቃል አስረዳቻት። እናቷም እዚህ ያደገች ናትና «ያ ትልቁ ዋርካ አጠገብ ነው?» እያለች ትጠይቃለች። ዋርካው ያለ መሆኑን ስትሰማ ደስ ያላት ይመስላል። ሒሳቡ አልቆ ስልኩ እስኪቋረጥ ድረስ ስለ ጤናና ስለ ቤት ኪራይ ያነሳ ሰው አልነበረም።

አሁን የምትደውለው ዓርብ ብቻ አይደለም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላም፣ ፋታ ባገኘች ቁጥር፣ ለሁለት ደቂቃም ቢሆን ትደውላለች። ምን እንዳየን ለመስማት ነው። ባለፈው ሳምንት «እነዚያ ትንንሾቹ አደጉ ወይ?» ብላ ጠየቀች።

ልጅቷ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ «አባባ ሁሉም አያድጉም ብለውኛል» አለቻት። «ግን ፊላው ውስጥ ጣቴን የሚያህሉ አይቻለሁ። እነሱ ይሁኑ አይሁኑ አላውቅም። ቅዳሜ ሄጄ አይቼ እነግርሻለሁ።»